ሸማ በየፈርጁ፦ ክሩን፣ ድርቡንና ጥለቱን አይቶ ልብሱን ማወቅ

«ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» የሚለው አባባል ሲነገር ብዙ ሰው ስለ ደስታና ስለ ኀዘን አለባበስ ብቻ የተባለ ይመስለዋል። ሽሮ ሜዳ ሱቅ ገብቶ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡሉኮ ጎን ለጎን ተዘርግተው ላየ ሰው ግን ፈርጁ ገና ከለባሹ ትከሻ ላይ ሳይወጣ ልብሱ ውስጥ ተሠርቶ አልቋል። አራቱም ነጭ ጥጥ ናቸው፤ አራቱም ከአንድ ሸማኔ ጉድጓድ ሊወጡ ይችላሉ። የሚለያዩት ክሩን እጅ ወይስ ፋብሪካ እንደፈተለው፣ ጨርቁ ስንት እንደተደረበና ጫፉ ላይ ምን እንደተጣለበት ነው። እነዚህን ማየት የለመደ ሰው ልብሱ ለምን እንደሚሆን፣ ዋጋው ለምን እንደዚያ እንደሆነና ውሃ ሲነካው ምን እንደሚገጥመው ሻጩን ብዙ ሳያደርቅ ያውቃል።

ክሩ

ጥጥ ከማሳ ሲለቀም ፍሬው ውስጡ ነው። በቤት አሠራር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቀጭን የብረት ዘንግ እየተንከባለለ ፍሬው ይዳመጣል። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ የደጋኑ ጅማት ሲርገበገብ የተጣበቁትን ጭረቶች ይበታትናቸውና ጥጡ አየር ሞልቶት ባዘቶ ይሆናል። ከባዘቶው በጣት እየተሳበ፣ እንዝርት እየሾረ የሚወጣው ክር ነው ፈትል የሚባለው። በብዙ አካባቢ እስከዚህ ያለው የሴቶች፣ ሽመናው ደግሞ የወንዶች ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

መንደፍ ላይ የተዘለለ ነገር በኋላ አይስተካከልም። የቅጠልና የፍሬ ልጣጭ ስብርባሪ ሳይወጣ ከተፈተለ ጨርቁ ላይ ቡናማ ነቁጥ ሆኖ ይቀራል፤ ያልተበታተነ ጥጥም ክሩ ላይ ጓጓላ ይሠራል። ሸማ ላይ አልፎ አልፎ ነቁጥ ቢታይ የእጅ ሥራ ምልክት ነውና አያስነቅፍም። በየስንዝሩ ከታየ ግን ሥራው ተቻኩሏል ማለት ነው።

የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ ሌላ ቦታ ቀጠን ይላል፤ ጥምዘዛውም ላላ ያለ ነው። ልስላሴው የሚመጣው ከዚሁ ነው፦ በላላው ክር ውስጥ አየር ስላለ ይሞቃል፣ ላብና ውሃም ቶሎ ይጠጣል። ጉዳቱ ደግሞ የላላ ክር ሲወጠርና ሲፋተግ ቶሎ መበጠሱ ነው። የፋብሪካ ክር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውፍረቱ እኩል፣ ጥምዘዛው የጠበቀ፣ ጠንካራ፣ ሲዳሰስም ትንሽ ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ።

ይህ ልዩነት ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባው ሽመናውን ላየ ነው። ድር በርዝመቱ ተወጥሮ የሚቆየው ክር ነው፤ ማግ ደግሞ ወርዱን እየተመላለሰ የሚሞላው። ሸማኔው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ መርገጫዎቹን ይረግጣል። በረገጠ ቁጥር ግማሹ ድር ይነሣል፣ ግማሹ ይወርዳል፤ በመካከል በሚከፈተው አፍ መወርወሪያው ያልፋል። ማጉ የተጠቀለለበት ቀሰም ያለው መወርወሪያው ውስጥ ነው። መወርወሪያው አንዴ ባለፈ ቁጥር ማጉ ተመትቶ ቀድሞ ከተሸመነው ጋር ይጠጋል። በዚህ ሁሉ የሚሠቃየው ድሩ ነው፤ አንድ ነጠላ እስኪያልቅ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይፋተጋል። ማጉ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ያልፍና ያርፋል።

ስለዚህ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው «የፈትል» ልብስ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ይህ ማታለል አይደለም። ድሩ በየደቂቃው ካልተበጠሰ ሸማኔው ቆሞ አይቋጥርም፤ ጨርቁም ዕድሜ ይኖረዋል፤ ልስላሴውን ማጉ ይሰጠዋል። ማታለል የሚሆነው ይኸው ልብስ «ሙሉ ፈትል ነው» ተብሎ በሙሉ ፈትል ዋጋ ሲሸጥ ነው። መለያውም ቀላል ነው። ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ዘርፍ የድሩ ትርፍ ነው፤ ከዘርፉ አንዷን ክር ወደ ብርሃን ያንሡና ይመልከቱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቷ እኩል ከሆነ የፋብሪካ ናት። በሁለት ጣት ይዘው ወደ ኋላ ቢያዞሯት የእጅ ፈትል በጥቂት ዙር ተፈትታ ወደ ጥጥነት ትመለሳለች፤ የፋብሪካ ክር ብዙ ዙር ያስፈልጋታል፤ ሁለት ክር ተገምዳ የተሠራች ከሆነችም መጀመሪያ ለሁለት ትከፈላለች።

ድሩም ማጉም ቀጭን የፋብሪካ ክር የሆነው ስስ፣ ለስላሳና ገጹ የተስተካከለ ጨርቅ በገበያው መነን ይባላል። ለቀሚስ ያምራል፣ ሰውነት ላይ በደንብ ይወርዳል፣ ጉዳፍም የለውም። ሙቀት ከፈለጉ ግን አይጠብቁበት።

ጥጥ ነው የተባለው እውነት ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ እሳት ይበቃል። ቤት ከገቡ በኋላ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ክር መዘው፣ በወረንጦ ይዘው፣ ከብረት ሳህን በላይ በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ ቶሎ ይያያዛል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚቀረውም በጣት ሲነካ የሚበን ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ከእሳቱ ይሸሻል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። አመዱ ውስጥ የሚቆረቁር ነገር ከተገኘ ክሩ ድብልቅ ነው። ሬዮን የሚባለው አብረቅራቂ ክር ግን ከእንጨት ቃጫ ስለሚሠራ እንደ ጥጥ ነው የሚቃጠለው፤ እሱን እሳት አይለየውም።

ሽመናው ራሱ

ጨርቁን በሁለት አውራ ጣት ይዘው ክሮቹን በተቃራኒ አቅጣጫ ገፋ ያድርጓቸው። ክፍተት ተፈጥሮ ካልተመለሰ ማጉ በደንብ አልተመታም፤ እንዲህ ያለው ጨርቅ ክርንና መቀመጫ ላይ ቶሎ ይላላል። ነጠላ ስስ እንዲሆን ታስቦ ስለሚሸመን ትንሽ ቢንሸራተት አይፈረድበትም፤ የቀሚስ ጨርቅ ላይ ግን ስፌቱ አጠገብ ይተረተራል።

ከዚያ ልብሱን ከመስኮት ትይዩ ያንሡት። በወርዱ የሚታይ አንዲት ስስ መስመር ከሆነ አንድ ማግ ተዘልሏል ማለት ነው፤ ጉዳቱ እዚያው ነው። በርዝመቱ የሚሄድ መስመር ግን አንድ ድር ተበጥሶ ሳይቀጠል ተሸምኗል ማለት ነው፤ እሱ ሸማኔው እስኪያየው ድረስ ይቀጥላል፤ የመጀመሪያው ቀዳዳም የሚወጣው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ዳሩ ቀጥ ብሎ ካልወረደ፣ እየገባ እየወጣ ከሄደ፣ ማጉ አንዴ ጠብቆ አንዴ ላልቶ ተስቧል፤ ከታጠበ በኋላ ሞገዱ ይብስበታል እንጂ አይቃናም።

ድርቡ

ነጠላ በተለምዶ ሁለት ድርብ ስስ ጨርቅ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ኩታ እንደ ነጠላ ሁለት ሆኖ ጨርቁ ጠንከር ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ይለብሱታል። ቡሉኮ ድርቡ ብቻ ሳይሆን ክሩም ወፍራም ስለሆነ ከሁሉም ይከብዳል፤ ማታ ይለብሱታል፣ ደጋማው አገር ያሉ ሽማግሌዎች ደግሞ ቀንም ይደርቡታል። የጋቢን ድርብ ለመቁጠር ዳሩን በጥፍር ለየት ለየት ማድረግ ነው። ሦስት ብቻ ከተገኘ፣ ወይም ሁለቱ ድርቦች በግልጽ ከሌሎቹ የሳሱ ከሆኑ፣ ዋጋውን ለማስቀነስ በቂ ምክንያት አለዎት።

የሚያሞቀው ጥጡ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል ተይዞ የሚቆየው የማይንቀሳቀስ አየር ነው። ስለዚህ አራት ስስ ድርብ ከአንድ እኩል ክብደት ካለው ወፍራም ጨርቅ የተሻለ ሊያሞቅ ይችላል። አሮጌ ጋቢ እንደ ዱሮው አላሞቅ ሲል ምክንያቱ ይኸው ነው፤ በመታሸትና በመጠመዘዝ ድርቦቹ ተጣብቀው አየሩ ወጥቷል። ፀሐይ ላይ አስጥቶ በደንብ ማራገፍ የተወሰነውን ይመልሳል።

ጋቢ መሃሉ ላይ በርዝመቱ ስፌት ቢኖረው ጉድለት አይደለም። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚጣል የጨርቁ ወርድ በሸማኔው ክንድ ይወሰናል፤ ከዚያ የሚሰፋ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ወርድ ጎን ለጎን ይሰፋል። መመልከት የሚገባው ስፌቱ የሁለቱን ወርድ ዳር ሳያጨማድድ መያዙን ነው።

የበግ ጸጉር ሌላ ዓለም ነው፤ የመንዝን በርኖስና ባና እዚህ ማንሣት የሚያስፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ሱፍ በሙቅ ውሃና በእሽት እርስ በርሱ ተጣብቆ ይኮማተራል፣ ብልም ይበላዋል። ጥጥን ብል አይበላውም። ሁለቱን በአንድ ሳጥን አስቀምጦ ጋቢውን ብል በላው የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ሻጋታ ወይም አይጥ ነው።

ጥለቱ

ጥለት ተሸምኖ ይወጣል፤ ከተሸመነ በኋላ የሚጨመር አይደለም። ሸማኔው ጫፉ ላይ ሲደርስ ነጩን ማግ ሳያቋርጥ፣ በየመሃሉ ባለ ቀለም ክር ያስገባል። ለንድፉ የሚያስፈልጉትን ድሮች በጣት ወይም በቀጭን ዘንግ ቆጥሮ ያነሣል፤ ከሥራቸው ክሩን ያሳልፋል፤ ከዚያ ነጭ ማግ አንድ ጊዜ ይወረውራል፤ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ድር ከተሳሳተ የመስቀሉ ክንድ ይጣመማል፤ ስሕተቱ የታየው ሦስት ጣት ካለፈ በኋላ ከሆነ ደግሞ ፈትቶ ከመመለስ ሌላ መላ የለም። ጥለት የሌለው ነጭ ጨርቅ ቶሎ ሲሄድ አንድ ስንዝር ጥለት ብዙ ሰዓት የሚበላው ለዚህ ነው። ከፍ ያለው፣ ንድፉ የበዛው ሥራ ጥበብ ይባላል። የሀበሻ ቀሚስ ዋጋ ላይ ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም ይህ የቆጠራ ጊዜ ነው እንጂ የጥጡ መጠን አይደለም።

ጥልፍ ግን ያለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚሠራ ነው። ራሱን የቻለ የተከበረ ሙያ ስለሆነ ጥልፍን ጥልፍ ብሎ መሸጥ ምንም ነውር የለበትም። ገበያው ላይ ያስቸገረው ሦስተኛው ነው፦ ከውጭ በጥቅል የሚገባ፣ ጥለቱ የታተመበት ወይም በኮምፒውተር ማሽን የተጠለፈበት ጨርቅ። ፎቶ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ልብሱን ገልብጦ ማየት ግን ሁሉንም ይናገራል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ፈዛዛ ወይም ነጭ ነው፤ ቀለሙ የተቀባው ላይ ላዩን ነውና። የማሽን ጥልፍ ከሆነ ጀርባው በአንድ ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ነጭ በሆነ የታችኛው ክር ተሸፍኗል፤ ከሥሩም ጨርቁን ለማጠንከር የተለጠፈ ወረቀት መሰል ነገር ይዳሰሳል። የእጅ ጥለት ከሆነ ቀለሙ ከፊት ወደ ኋላ ያልፋል፣ የንድፉ ግልባጭ ይታያል፣ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የሚሻገር ክርም በአግድም ተዘርግቶ ይገኛል። እዚያና እዚህ የተቋጠረ የክር ጫፍ ቢያዩ ደስ ይበልዎት።

የጥለቱ አቀማመጥ ደግሞ ይናገራል። በአዘቦት ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ወይም በአንድ ትከሻ ተጣፍቶ ይታያል። ለቅሶ ላይ ይገለበጣል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይመጣል። ሰፈር ውስጥ ነጠላዋን እንዲያ አድርጋ የምትሄድ ሴት የታየች እንደሆነ «ማን ሞተ?» መባሉ አይቀርም። የቅርብ ዘመድ ጥቁር የሚለብስበት ጊዜ እንደየቤቱ ይለያያል፤ እስከ 40 የሚያበቃም አለ፣ እስከ ሙት ዓመት የሚዘልቅም አለ። ኦርቶዶክሳውያን ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መስቀለኛ ያጣፋሉ፦ ነጠላው በጀርባ ዞሮ ሁለቱ ጫፎች ደረት ላይ ይተላለፋሉ፤ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ትከሻ ይወረወራል። ነጠላውን ወገብ ላይ አሸርጦ ማደግደግ ደግሞ የአገልግሎትና የአክብሮት ምልክት ነው፤ ድሮ ትልቅ ሰው ፊት የሚቀርብ ሁሉ ያደገድግ ነበር፤ ዛሬ በድግስ ላይ የሚያስተናግዱ ሰዎች ያደርጉታል። ሰፊ ቀይ መስመር ያለው ጃኖም በድሮው ሥርዓት የመኳንንት ልብስ ስለነበር ማንም ተነሥቶ የሚደርበው አልነበረም።

የጥለት ቋንቋ አንድ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። በአገራቸው ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው ዱንጉዛ የራሱ ክብርና የራሱ ለባሽ አለው፤ አዲስ አበባ ላይ ለገበያ ሲሸመን ሸሚዝም ቦርሳም ይሆናል። ያገር ልብስ ብሎ የሚኮራው ሰው የሸማኔውን ሙያ ሲንቅ መኖሩ የሚገርም ነው፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

ሌላው የጨርቅ አገልግሎት ከልደት እስከ ሞት የተዘረጋ ነው። መቀነት ወገብ ያስራል፣ የአራስ ሆድ ይደግፋል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የእናት ገንዘብ ይቋጠርበታል። ጋቢ ልጅ ሲደርስ ለወላጅ፣ ሙሽራ ለአማቾቹ የሚያለብሱት ስጦታ ነው። በመጨረሻም ክርስቲያኑ በመግነዝ ይገነዛል፤ ሙስሊሙ በነጭ ከፈን ይከፈናል፣ በተለመደው ሥርዓት ለወንድ 3 ለሴት 5 ጨርቅ። እዚህ ላይ ጥለትም ጌጥም የለም።

ልብሱ ለምን ይሰበሰባል?

ብዙ ጸብ የሚነሣው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ነው። ጥጥ ውሃ ሲጠጣ እያንዳንዱ ጭረት ያብጣል። ያበጠ ክር በሌላው ክር ላይ ለመታጠፍ ተጨማሪ ርዝመት ስለሚፈልግ ያንን ከጨርቁ ይወስዳል። በዚያ ላይ ድሩ ሽመና ላይ ተወጥሮ የከረመ ስለሆነ ውሃ ሲያገኘው ይላቀቅና ወደ ራሱ ይመለሳል። ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከወርዱ ይበልጥ የሚያጥረው ለዚህ ነው። 5 በመቶ ብቻ ቢሰበሰብ 130 ሴንቲ ሜትር የነበረ ቀሚስ 6.5 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ባት ላይ ወጣ ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ጥለቱ ሳይሰበሰብ ነጩ ሲሰበሰብ ነው። ነጩ ጥጥ ነው፤ የጥለቱ ክር ግን ብዙ ጊዜ አክሪሊክ፣ ፖሊስተር ወይም ወርቃማ ክር ነውና ውሃ አያሳጥረውም። ውጤቱ ከታጠበ በኋላ ጥለቱ የተኮማተረ፣ ደረት ላይ ያለው ንድፍ የተነፋ ቀሚስ ነው። ካውያ ለጊዜው ያስተኛዋል፤ ሲለበስ ይመለሳል።

መድኃኒቱ ከመቆረጡ በፊት ነው። ጨርቁን፣ ለቀሚስ ተብሎ ለብቻው የተሸመነ ጥለት ካለም እሱን ጭምር፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተለያየ ዕቃ አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ፣ ሳይጠመዝዙ አንጠፍጥፎ ማድረቅ፣ መተኮስ፣ ከዚያ ለሰፊው መስጠት። ብዙ ሰፊዎች ይህን አይወዱም፤ ጨርቁ አዲስ ሲሆን የሚኖረውን ጥንካሬ ያጣልና። ካልተስማሙ ከታች 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር እጥፋት እንዲተዉ ይጠይቁ። ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው የታዘዘ ቀሚስ ላይ ግን ይህ ሁሉ እንደማይደረግ ይወቁት፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እየተባለ ሸማኔውም ሰፊውም የሚዋከቡበት ጊዜ ነው። ሥራው እንዲያምር የሚፈልግ ሰው ከኅዳር በፊት ያዝዝ።

ቀለሙ ለምን ይለቃል?

ከመግዛትዎ በፊት ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውሃ አርሰው ጥለቱን 10 ጊዜ ያህል ይሹት፤ በተለይ ቀዩን፣ ጥቁሩንና ጠቆር ያለውን ሰማያዊ። ጨርቁ ላይ ቀለም ከቀረ ነጩም ላይ ይቀራል። «ጨውና ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ይይዝለታል» የሚለው ምክር በየቤቱ አለ፤ በደንብ ሳይነከር የተሸጠ ክር ግን በጨውና በኮምጣጤ አይጸናም። ቢበዛ ያን ዕለት የሚለቀውን ትንሽ ይቀንሰው ይሆናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ቀለም የሚያበላሸው መታጠቡ ሳይሆን አደራረቁ መሆኑን ነው። እርጥብ ጥለት ነጩ ላይ ተጣጥፎ ሲቆይ ውሃው ቀለሙን ይዞ ወደ ነጩ ይጓዛል፤ ውሃው ይተናል፣ ቀለሙ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከውሃ እንደወጣ ጥለቱ ነጩን በማይነካበት አኳኋን ወዲያው መሰጣት አለበት፤ በመካከላቸው አሮጌ ፎጣ ማስገባትም ይረዳል። ቀለም ከለቀቀ እንዲደርቅ አይተዉት፣ ካውያም አያስነኩት። እርጥብ እያለ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው። አንዴ ከደረቀና ከተተኮሰ በኋላ ማስለቀቁ በጣም ይከብዳል።

አጠባና እድፍ

ሳሙናው መጀመሪያ ውሃው ውስጥ በደንብ ይሟሟ፤ ያልሟሟ የዱቄት ሳሙና በቀጥታ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ነጠብጣብ ይተዋል። ዱቄት ሳሙናዎች ብዙ ጊዜ ነጭን የሚያስመስል አብረቅራቂ ነገር አላቸው፤ ለመነን አይከፋም፤ ክሬም መልክ ያለውን የእጅ ፈትል ግን ወደ ሰማያዊ የሚወስድ ነጭ ያደርገዋልና ለእሱ ተራ የልብስ ሳሙና ይሻላል። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ 15 ወይም 20 ደቂቃ ዘፍዝፎ በመዳፍ መጫን ይበቃል። እሽት አንገትና እጅጌ ላይ ብቻ። ካለቀለቁ በኋላ እንደ ጂንስ አይጠምዝዙት፤ ፎጣ ላይ ዘርግተው ከፎጣው ጋር ጠቅልለው ይጫኑት። ጋቢ ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ይይዛልና አንድ ቀጭን ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ መሃሉ ይለጠጣል፣ የመሃል ስፌቱም ይሳባል፤ ሁለት ገመድ ላይ ዘርጋ አድርጎ ማስጣት ነው።

በረኪና ነጭ ያደርጋል፤ እውነት ነው። ግን የጥጡን ጭረት ራሱን ይበላል፤ ጉዳቱም ያን ቀን አይታይም። በየወሩ በረኪና የሚያገኘው ነጠላ አንድ ቀን ሲተኮስ እንደ ወረቀት ይቀደዳል። ጥለቱን ከነካውማ ወሬም አያስፈልግም።

የወጥ እድፍ የራሱ ጸባይ አለው። የበርበሬ ቀይ ቀለም የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውሃ አይደለም፤ ቅቤና ዘይቱ ውስጥ ተደብቆ ነው ጨርቁ ውስጥ የሚገባው። መጀመሪያ ውሃ ካፈሰሱበት ያሰፉታል። ደረቁን በማንኪያ ጫፍ ያንሡ፣ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ሳይበርዙ ያሳርፉበት፣ 10 ደቂቃ ቆይተው ለብ ባለ ውሃ ከጀርባው በኩል ያጥቡት። ብርቱካናማ ጥላ ከቀረ አይጨነቁ፤ እርጥብ እንዳለ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ያስጡት፣ ይህ ቀለም ብርሃን አይችልምና በአንድ ሁለት ቀን ይደበዝዛል። ገና ያልደረቀ የቡና እድፍ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል። ደም ከሙቅ ውሃ ይጠበቅ፤ ሙቀት ያጸናዋል። የጧፍ ሰም ከሆነ ልብሱን ፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ አስገብተው ሲደርቅ ይፈርፍሩት፤ የቀረውን ከላይና ከታች ነጭ ወረቀት አድርገው በለብታ ካውያ ያስመጥጡት።

ሲተኩሱ ጥጡ ትንሽ እርጥበት ይኑረው፣ ልብሱም ይገልበጥ። ወርቃማና ብርማ ክር ብረት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያብረቀርቅ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ለጥጥ የሚሆን ሙቀት ያጨማድደዋል ወይም ያደበዝዘዋል። ጥለቱ ላይ ጨርቅ ደርበው ካውያውን ዝቅ አድርገው ይጫኑ እንጂ አያንሸራትቱ።

በውጭ አገር ለሚኖር ሰው እጥበቱ ቀላል፣ ማድረቁ አስቸጋሪ ነው። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም ገመድ ያለበት ግቢ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ነጠላ ማሽን ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ዘርፉ እንዳይተበተብ ጫፍና ጫፉ በላላ ክር ታስሮ፣ ዚፕ ባለው የመረብ ከረጢት ውስጥ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በዝግታ ዙር። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ግን አይግባ። ሙቀቱና መገለባበጡ በአንድ ላይ ሆነው በእጅ ሲታጠብ ከሚሰበሰበው ይበልጥ በአንድ ጊዜ ይሰበስቡታል፤ በማጣሪያው ላይ የሚገኘው ጥጥም ከልብሱ የወጣ ነው። ልብስ ማስጫ ወይም ሁለት ወንበር ላይ ዘርግቶ አየር እንዲያገኝ ማድረግ ይበቃል።

ለሚቀጥለው በዓል ሲያስቀምጡት፣ በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ለስግድ በዓላቸው የሚያወጡት ነጭም ይሁን የጥምቀት ቀሚስ፣ ሳይታጠብ አይቀመጥ። ዓይን የማያየው ላብና ቅባት በወራት ውስጥ ወደ ቢጫነት ይለወጣል። በደንብ ይድረቅ፤ ጥቂት እርጥበት ይዞ ፌስታል ውስጥ የገባ ጥጥ ይሻግታል፣ የሻጋታ ነቁጥም ጨርቁን ራሱን በልቶ ስለሚወጣ አይታጠብም። ከፌስታል ይልቅ የትራስ ልብስ ውስጥ ማስገባት፣ በእጥፋቶቹ መሃል ነጭ ጨርቅ ማድረግ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አውጥቶ ማናፈስና እጥፋቱን ከቀድሞው ቦታ ማዛወር ነው። ጥለት ያለው ጫፍ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል እንጂ አይታጠፍ፤ ወርቃማው ክር በታጠፈበት ቦታ ይሰበራል።